ከዓርብ ውጭ የሚደውለው

ዓርብ ዓርብ፣ የጁምዓ ሶላት አልቆ ሰዉ ከመስጊዱ በር ላይ ሲበተን፣ ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን ታጥበው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ መስኮቱ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጡና ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ስልኳ ብዙ አታስጠብቃቸውም። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲል ትንቀጠቀጣለች፤ መስታወቷ ላይ ስም የለም፣ አኃዝ የለም፣ «ስውር ቁጥር» የሚል ጽሑፍ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እሳቸውም «ቢስሚላህ» ብለው ሲያነሱ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ይፈካል።

«አንዋሬ! አንተ ልጅ፣ በላህ ወይ?»

ጥሪው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ምን እንደበላ፣ ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ፣ አሠሪው ደመወዙን ከፍሎት እንደሆነ ይጠይቁታል፤ መልሱን ሳይጨርስ ሌላ ይጠይቁታል፤ መጨረሻ ላይ መርቀውት ስልኳን በሁለት እጃቸው ይዘጋሉ። በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ልጃቸው ሉባባ ጓዳ ገብታ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ታጥባለች። አንዋር ከሞተ ዓመት ከአራት ወሩ ነውና።

ወንድሟ የሞተው ዐረብ አገር፣ ጂዛን ውስጥ፣ ሲሠራበት ከነበረ ሕንፃ ላይ ወድቆ ነው። እዚያው ተቀበረ። የወይዘሮ ዘይነባ ልብ ደግሞ ድንጋጤ እንደማይችል ሐኪሙ ከተናገረ ቆይቷል፤ ስለዚህ ወንድማቸው ጋሽ ይመር የቅርብ ዘመዱን ሰብስበው መርዶው ይቆይ አሉ፣ ጎረቤቱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። መርዶ ለማቆየት ግን ዝምታ ብቻ አልበቃም፤ እናት በየሳምንቱ የምትጠብቀው ድምፅ ነበረ። የጋሽ ይመር ልጅ ሸምሱ የሰው ድምፅ እየቀዳ ሰፈሩን ሲያስቅ ያደገ፣ አሁን ኮምቦልቻ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። ዓርብ ዓርብ ቁጥሩን ደብቆ፣ እንደ አንዋር ሆኖ አክስቱን እንዲያናግር ተመደበ። ቁጥሩ የሚደበቀው እናት መልሰው እንዳይደውሉ ነው። «ያለ ወረቀት ስለምኖር ነው እማ» አላቸው፤ አመኑት።

ለሉባባም አልተነገራትም ነበር። ሰባት ዓመት ቱርክ አገር ፋርማሲ ስትማር የነበረች ናት፤ ባሕር ማዶ ላለ ሰው ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። ከሁለት ወር በፊት ስትመለስ ቦሌ የተቀበሏት ጋሽ ይመር በቀጥታ ወደ ደሴ አላመጧትም፤ ኮምቦልቻ ቤታቸው አሳደሯትና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌውና ሴቱ ክፍሉን ሞልተው ነገሯት። ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። በማግስቱ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው፣ የዓይኗ እብጠት እስኪጎድል ጠብቀው፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ አስወጥተው እናቷ ደጃፍ አደረሷትና «በይ ሳቂ» አሏት። ሳቀች። ከዚያን ዕለት ወዲያ የሚያባንናት አንድ ነገር ነው፤ ከቤተሰቧ የቀሯት እናቷ ብቻ ናቸው፣ ይህ ውሸት ደግሞ አንድ ቀን መፍረሱ አይቀርም፣ ሲፈርስ እሳቸውን ይዞ ቢፈርስስ? ለማንም ያልነገረችው ሌላም ነገር አለ። ወንድሟ ከተቀበረ በኋላ ስውሩ ቁጥር ለእሷም ሦስት ጊዜ ደውሎላት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስቃ፣ ቀልዳ፣ «ወፍረሃል አሉ» ብላ ዘግታለች። የገዛ ወንድሟን ድምፅ ከሸምሱ ድምፅ አልለየችም።

የነሐሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሮቢት ሰፈርን የዋጠበት ማክሰኞ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ እንደ ምሽት ጨልሞ፣ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ በርሜሉ ውስጥ ጧ ጧ እያለ፣ የረጠበ ግድግዳና የጋዝ ሽታ ተደባልቆ ክፍሉን ሞልቶታል። ሉባባ መድኃኒት በየሰዓቱ እየከፈለች ስታስቀምጥ የእናቷ ስልክ ስትንቀጠቀጥ ሰማች። ዞር ስትል እናቷ አንስተው ጆሯቸው ላይ አድርገዋታል። «አንዋሬ» አላሉም። «በላህ ወይ» አላሉም። ጉሙ እስከ መስኮቱ መስታወት ድረስ ተጠግቶ፣ እሳቸው ወደ ጉሙ እያዩ፣ ትእዛዝ እንደሚቀበል ሰው «እህ… እህ…» ብቻ ይላሉ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ስልኳን ሲያስቀምጡ ፊታቸው አልፈካም፤ ልስልስ ብሎ ረግቷል።

«ማነው እማ?»

«ወንድምሽ ነዋ።»

ሉባባ ደጅ ወጥታ ለሸምሱ ደወለች።

«ማክሰኞም ጀመርክ?»

«ምኑን?»

«መደወሉን። ዓርብ ብቻ አልነበር የተባባልነው?»

«ኧረ ሉቤ፣ እኔ ዛሬ ሚሌ ነኝ፣ ጎማ ላወርድ። አሁን አንቺ ያገኘሽኝ ራሱ በአላህ ሥራ ነው» ብሎ ሳቀ። «አማርኛሽ ብቻ መስሎኝ ሻንጣ ውስጥ የቀረው፤ ቀን መቁጠሩንም ከቱርኮቹ ዘንድ ትተሽው መጣሽ?»

እሷም ሳቀች፤ ስልኩን ዘግታ ግን ይዋሻል ብላ አሰበች። ሰው ለማስደሰት የሚዋሽ ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም።

ሐሙስ ተደወለ። ቅዳሜ ተደወለ። ደግሞ ማክሰኞ። እናቷ የሚናገሩት እያነሰ፣ የሚያዳምጡት እየረዘመ ሄደ። አንዳንዴ ከወጡበት ጎረቤት አቋርጠው በጉሙ ውስጥ እየተጣደፉ ይመጡና አግዳሚዋ ላይ ሲቀመጡ ስልኳ ያኔ ትንቀጠቀጣለች። ሰዓቱን ማን እንደነገራቸው ሉባባ አልገባትም። በሁለተኛው ሐሙስ ግን ትዕግሥቷ አለቀ፤ እናቷ ውሃ ሊጠጡ ስልኳን ሳይዘጉ አግዳሚው ላይ ትተዋት ሲነሡ፣ አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈቻት።

ስልኳ ቀዝቅዛለች። የሰው ጆሮና እጅ ሩብ ሰዓት የያዛት ዕቃ መሞቅ ሲገባት፣ ከምንጭ ሥር እንደወጣ ድንጋይ ቀዝቅዛለች፤ ከውስጧም ገና የተቆፈረ፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። «ሀሎ?» አለች። ማንም አልመለሰም። እዚያ ወዲያ ግን አንድ ሰው እንዳለ ታወቃት፤ የማይተነፍስ ሰው ዝም ሲል የሚሰማው ዓይነት ዝምታ ነበር፣ ጥልቀት ያለው። ከዚያ ከዝምታው በስተጀርባ አዛን ተሰማ። የዐሥር ሶላት አዛን ነው፤ አዛን አድራጊውን አወቀችው፤ የሰፈራቸው ሼህ ሰዒድ ናቸው፣ በሁለተኛው «አላሁ አክበር» ላይ እንደ ልማዳቸው ሳል አሰናከላቸው። እንግዲያው ደዋዩ እዚሁ ሰፈር ነው ብላ በንዴት ወደ መስኮቱ ዞረች።

ውጭው ጭጭ ብሏል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ውሃው በርሜሉ ውስጥ ተንጠባጠበ። ከዚያ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ጥቂት ተንጫጫና ሼህ ሰዒድ አዛኑን ጀመሩ፤ በሁለተኛውም «አላሁ አክበር» ላይ ሳል አሰናከላቸው።

እናቷ ከጀርባዋ ቆመው ነበር። ስልኳን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱ።

«እሱ ከአንቺ ጋር አይደለም ጉዳዩ» አሉ።

በማግስቱ ሉባባ የእናቷን መታወቂያ ይዛ ስልክ መሥሪያ ቤት ሄደች። ስውር ቁጥር የሚባል እንዳይገባ አግዱልኝ ብላ ቅጽ ሞላች። ወጣቷ ሠራተኛ በትህትና መዘገበችላትና ኮምፒውተሯን እያየች፣ «ብዙ አስቸግሮዎት ነው? ከባድ አይመስልም፤ በዚህ ወር የገባው ስውር ጥሪ አንድ ነው» አለች።

«አንድ? በሳምንት አራት ጊዜ እኮ ነው የሚደወለው።»

«አንድ ነው የኔ እህት። ወሩ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቁጥር ምንም ጥሪ አልገባም።»

ሉባባ ወረቀቱን ተቀብላ መውጣቷን እንጂ በምን መንገድ ቤት እንደደረሰች አታስታውስም። እሷ ወንበር ላይ ሳትቀመጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠች፤ እናቷም አንስተው «እህ…» አሉ።

እሑድ ኮምቦልቻ ወርዳ ሸምሱን ሱቁ ውስጥ፣ በሰንሰለት በተንጠለጠሉ የሞተር ቀበቶዎች መካከል አገኘችው። ስታየው ቀልዱን ጀምሮ ነበር፤ ወረቀቱን ስታስቀምጥለት ግን ቀልዱ ከፊቱ ላይ ረገፈ። በሩን ገርበብ አድርጎ ተመለሰ።

«ያቺ አንዷ ዓርብ የመጨረሻዬ ናት» አላት። «ከዚያ ወዲያ አልደወልኩም። ወላሂ አልደወልኩም።»

«ለምን ተውከው?»

ሸምሱ እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አልተወም።

«እንደ ወትሮዬ "እማ፣ አንዋር ነኝ" አልኳት። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? በጣም በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማብኝ እንደምትፈራ ሆና፣ "ሸምሱዬ፣ ከእንግዲህ አትልፋ። እሱ ራሱ መደወል ጀምሯል" አለችኝ። እኔ… እኔ እናንተ ሌላ ሰው ያዘጋጃችሁ መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ነበር ልበል እንጂ፣ ያን ዕለት ሱቅ ዘግቼ ነው የገባሁት።»

ሉባባ ወረቀቱን አንስታ አጠፈችው። «ይነገራት» አለች። «ልቧ ቢችልም ባይችልም፣ ይነገራት። ይህን በር የከፈትነው እኛ ነን።»

ጋሽ ይመር ሁለት ቀን ተከራከሩ፤ በሦስተኛው «አብሽሪ፣ ይሁን» አሉ። ረቡዕ ሲነጋ፣ ጉሙ ገና ከደጅ ሳይነሣ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ይመርና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በሩን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በሩ ላይ ያየች እናት ምን እንደመጣ ሳይነገራት ታውቃለች። ሉባባ የልብ መድኃኒቱን በመዳፏ ጨብጣ፣ ከእናቷ ጎን ቆመች። ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሰው ሁሉ የአላህ መሆኑን፣ የተሰጠ ሁሉ እንደሚመለስ ተናገሩ፤ የአንዋርን ስም ጠሩ። ሴቶቹ ጩኸቱን ለማገዝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

ጩኸት አልመጣም። ወይዘሮ ዘይነባ አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«እሱማ ነግሮኛል» አሉ። «መጀመሪያ የደወለ ዕለት ነገረኝ። እናንተም ለእኔ ብላችሁ ነው፤ አልተቀየምኩም።» ከዚያ ጎናቸው ወደ ቆመችው ልጃቸው ዞሩ፣ ፊቷንም እንደ እንግዳ ዕቃ ቀስ ብለው መረመሩት። «ሌላም የደበቃችሁኝ አለ። እሱንም ነግሮኛል። እሱን ግን እናንተ እስክትነግሩኝ እጠብቃለሁ።»

ጋሽ ይመር ሉባባን አዩ፤ ሉባባም ጋሽ ይመርን። ማንም ሌላ የተደበቀ ነገር አያውቅም።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ሉባባ በዚያ ሰበብ ከሁለት ወር በላይ የታፈነውን ሁሉ አለቀሰች፤ እናቷ ግን ደረቅ ዓይናቸውን እሷ ላይ ተክለው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲሳሳ አጠገቧ መጥተው እንባዋን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ሲያለቅሱ ልክ እሷን ይመስላሉ» አሏት።

«ማንን እማ?»

ፈገግ ብለው ሄዱ። «አንቱ» ያሏት መሆኑን ያስተዋለችው ቆይታ ነው። ከዚያ በኋላ «አንቺ» ብለዋት አያውቁም። ምግብ ሲቀርብ ለእንግዳ የሚቀርበውን ሳህን ያቀርቡላታል፤ «ይብሉ እንጂ፣ ምነው?» ይሏታል። ከእናቷ ጋር የምትተኛበት አልጋ ላይ የነበረው ብርድ ልብሷ ታጥፎ ሳሎን መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የልጅነት ፎቶዋን ከግድግዳው አውርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ የሟች አንዋር ልብስ ባለበት ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ጋሽ ይመርን ስትጠይቅ፣ «ሐዘን ነው ልጄዋ፣ ያልወጣ ሐዘን ራስ ላይ ይወጣል። ያልፍላታል» አሏት። እሷም የተማረችውን አስታወሰች፤ ድንጋጤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ መድኃኒት አለው፣ ጊዜ ይፈልጋል። አእምሮዋ ይህን ሲያምን እግሮቿ አላመኑም፤ ከክፍል ወደ ክፍል በዚያ ቤት ውስጥ ስትሄድ እንደ ሌባ ቀስ ብላ መርገጥ ጀምራለች።

አንድ ነገር ግን በእጇ ነበር። መርዶው ከተነገረ የሚደወልበት ምክንያት የለም። እናቷ ሲሰግዱ ስልኳን ከፍታ ሲሙን አወጣች፣ በጥርሷ ነክሳ ሰበረችው፤ ባትሪውንም አውጥታ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እናቷ ባዶዋን ስልክ ሲያገኙ አልጠየቁም፣ አልተቆጡም። አራት ቀን ጸጥታ ሆነ። አራት ቀን እናቷ አግዳሚዋ ላይ አልተቀመጡም፤ ሉባባም ቀን እየቆጠረች፣ በአምስተኛው ምናልባት ስሜን ይጠሩኛል እያለች ተስፋ ማድረግ ጀመረች።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ልትገዛ ፒያሳ ወጥታ ስትመለስ ጉሙ መንገዱን ሰውሮት፣ የራሷን እጅ ዘርግታ የማታይበት ሆኖ ጠበቃት። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ ውስጥ መብራት የለም፤ ያ የርጥብ አፈር ሽታ ግን ሳሎኑን ሞልቶ፣ ምላስ ላይ እስከሚቀመጥ ከብዷል። ከመኝታ ቤቱ የእናቷ ድምፅ ይሰማል፤ ከመጣች ወዲህ አንድ ጊዜም ያልሰማችው፣ ልጅ ሆና ስትታመም ብቻ የምታውቀው የሚያባብል ድምፅ ነው። መጋረጃው ጋ ደርሳ ቆመች። በጨርቁ ስንጥቅ አየች፤ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባዶዋን ስልክ ጆሯቸው ላይ ይዘዋል። ሉባባ እጇን ኪሷ ከተተች። ባትሪው እዚያው ነው፤ ጨበጠችው።

«እሷማ ደህና ናት» ይላሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ምስኪን ናት፣ አልጠላኋትም። አዎ፣ ይመር ነው ያመጣት። ለወንድምሽ ድምፅ ቀጠሩለት፣ የአንቺን መርዶ ሊያቆዩ ደግሞ ሰው ቀጠሩልኝ። ልቤን ፈርተው ነው፤ ምን ላድርጋቸው?… አይ፣ እንዳወቅሁባት አላወቀችም። እንደ እንግዳ ይዣታለሁ… መድኃኒቴንም በሰዓቱ ትሰጠኛለች፣ ልክ እንደ አንቺ ነው የምታየኝ… አይዞሽ። በይ ድምፅሽን አሰሚኝ እንጂ፣ እኔ ብቻ ለፈለፍኩ።»

ከስልኳ ውስጥ ቀጭን ሳቅ መጣ። ሉባባ ያን ሳቅ ታውቀዋለች፤ ሰው በቪዲዮ ቀርጿት ሲያሳያት የምታፍርበት፣ ጫፉ ላይ የሚሰበረው የራሷ ሳቅ ነው። ሮጣ ገብታ እናቷን ልታቅፍ፣ ስልኳን ልትነጥቅ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ልጅሽ ልትል መጋረጃውን ገለጠች፤ እናቷ ግን ቀና ብለው አላዩዋትም፣ ነፋስ እንደገለጠው ሁሉ መጋረጃውን ብቻ አዩት። ባለ በሌለ ኃይሏ «እማ!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ከእሷ አልወጣም፣ እናቷ ጆሮ ላይ ካለችው ባትሪ አልባ ስልክ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ፣ ወይዘሮ ዘይነባም ዓይናቸውን ጨፍነው «ወዬ ልጄ» አሉ።